የጣሪያ ውሃ ለጎንደር ግቢ፦ ታንከሩ፣ አሸንዳውና መገጣጠሚያው ሲገመገሙ

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ሲያስመርር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ታንከር መግዛትን ነው። አራዳ ላይም ሆነ አዘዞ ሱቅ የገባ ገዢ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ባለ ስንት ሊትሩ ይሻለኛል?» እዚህ የምንገመግመው በአብዛኛው ቤት የሚገባውን ባለ 2,000 ሊትር የላስቲክ ታንከር ከነሙሉ ዕቃው ነው፤ አሸንዳውን፣ መቆሚያውን፣ ቧንቧና ፍሎተሩን (ታንከሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ)፣ ጓሮ የሚወርደውን የጠብታ መስመር ጭምር። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ታንከሩ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ገንዘቡም አይቆጭም። ግን አብዛኛው ገዢ ገንዘቡን ሊትር ላይ ይጨርስና አሸንዳውን በተረፈው ሳንቲም ያሠራል። አሸንዳው በትክክል የተሠራለት ባለ 1,000 ሊትር ታንከር፣ አሸንዳው ከተጣመመበት ባለ 3,000 ሊትር የበለጠ ውሃ ለቤቱ ይሰጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 10 በ6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ቤት 60 ካሬ ሜትር አለው። ስፋቱ የሚለካው ቆርቆሮው ተዳፋት ላይ ሳይሆን ጣሪያው መሬት ላይ በሚሸፍነው ልክ ነው። የሚረጨውንና የሚተነውን ለመቀነስ በ0.8 ስናባዛው፣ ደህና ተብሎ የሚጠራ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 960 ሊትር ያስገባል። እንዲህ ያለ ዝናብ ሁለቴ ከጣለ ባለ 2,000 ሊትሩ ሞላ ማለት ነው። ጎንደር ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ በክረምት ችግሩ የውሃ ማነስ አይደለም፤ ታንከሩ ከመሙላቱ የተነሳ የሚፈሰው ነው።

በጋው ግን ሌላ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው 20 ሊትር ብቻ ቢመድብ በቀን 100 ሊትር ይጨርሳል። 2,000 ሊትር 20 ቀን ያቆያል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉትን 240 ቀናት ለመሻገር 24,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም አሥራ ሁለት ታንከር ነው። ሻጭ «በጋውን ያሻግርዎታል» ቢልዎ ይህን ሒሳብ ያሳዩት። የታንከሩ እውነተኛ ሥራ ሁለት ነው፤ በክረምት የመስመር ውሃ ሳይነካ ቤቱን ማኖር፣ በበጋ ደግሞ ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ማድረስ። ሁለቱንም እንዲሠራ ከጣሪያም ከመስመርም መግቢያ ሊኖረው ይገባል።

ሲገዙ ክዳኑን ይክፈቱና ታንከሩን ፀሐይ ላይ አድርገው ጭንቅላትዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። ብርሃን በግድግዳው አልፎ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ጎላ ብሎ ከበራ፣ ላስቲኩ እዚያ ቦታ ሳስቷል። ብርሃን የሚያስገባ ታንከር ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል፤ ስለዚህ ጥቁር ወይም ውስጡ ጥቁር ሽፋን ያለው ይመረጣል። ከዚያ የመውጫውን ጥርስ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የተሰበረ ጥርስ በቴፍሎን ብዛት አይድንም። ታንከሩ በጋሪም ሆነ በአይሱዙ ሲመጣ ድንጋይ ላይ እንዳይጎተት ይጠንቀቁ። ሥሩ ላይ የተፈጠረ ጭረት ያን ቀን ምንም አያሳይም፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ሲጫንበት ግን ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ብዙ ቤት ወደሚሳሳትበት እንምጣ፤ ወደ መቆሚያው ከፍታ። ብየዳ ቤት ሄደው «የታንከር ማቆሚያ» ካሉ 2 ወይም 3 ሜትር የሆነ የብረት ቆጥ ይሠሩልዎታል። ለመስመር ውሃ ይህ ትክክል ነው፤ ውሃ ከፍ ባለ በየ1 ሜትሩ 0.1 ባር ግፊት ያገኛል፣ ለሻወርም ለማጠቢያም ከፍታው ይፈለጋል። የጣሪያ ውሃ ግን ወደ ላይ አይወጣም። የተራ ቤት ቆርቆሮ ጫፍ ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፤ ታንከሩ ራሱ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ይቆማል። አሸንዳው ከታንከሩ አፍ በላይ መሆን ስላለበት፣ ወደ ታንከሩ የሚሄደው ቱቦም ተዳፋት ስለሚፈልግ፣ ለመቆሚያው የሚተርፈው ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 3 ሜትር ቆጥ ላይ የተሰቀለ ታንከር አጠገብ አሸንዳው ውሃውን መሬት ላይ ሲያፈስ ማየት የዚህ ስሌት ውጤት ነው። የምንመክረው ዋናውን ታንከር 60 ሴንቲ ሜትር መሠረት ላይ አድርጎ፣ ሻወር የሚፈልግ ቤት 500 ሊትር የሚይዝ ሌላ ትንሽ ታንከር ከፍ አድርጎ በአነስተኛ ፓምፕ መሙላትን ነው። 60 ሴንቲ ሜትሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ቀጥ ብሎ ይገባል።

መሠረቱ ከታንከሩ ሥር በሁሉም በኩል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ ውስጡ በተጠቀጠቀ ጠጠር የተሞላና ላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት የፈሰሰበት ይሁን። የብረት ቆጥ ከሆነ ታንከሩ ብረቶቹ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። በብረትና ብረት መካከል ያለው ላስቲክ በጊዜ ብዛት ወደ ታች ይረግባል፣ ከዚያም ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ ሙሉ በሙሉ ይንጠፍበት። ግቢዎ ዋልካ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያልተቆፈረለትን መሠረት ያዛባል። ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ዋልካውን ያውጡና በሰለክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) ተክተው እየጠቀጠቁ ይሙሉ።

አሸንዳው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የግምገማው እምብርት እሱ ነው። የፒቪሲ አሸንዳ ለመግጠም ይቀላል፣ አይዝግም። ነገር ግን የጎንደር ክረምት በረዶ ይዞ ይመጣል፤ ከፀሐይ ብዛት የደረቀ ፒቪሲ በበረዶ ጠርዙ ይረግፋል። በቆርቆሮ ሠራተኞች በልክ የሚታጠፈው የላሜራ አሸንዳ በእኛ ግምት ይሻላል፣ በተለይ ላሜራው ወፈር ካለ። በጌጅ ሲገዙ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር አይርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። የአፉ ስፋት በግምት እንዳይሆን፦ ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአሸንዳ ውስጥ ስፋት ይበቃል። በአንድ ጎን 30 ካሬ ሜትር የሚያፈስ ጣሪያ 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የታጠፈ አሸንዳ ከበቂ በላይ ነው፣ ትርፉም ለበረዶና ለቅጠል ይጠቅማል። መውረጃ ቱቦውም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። 75 ሚሊ ሜትሩ እስከ 40 ካሬ ሜትር ላለ ጣሪያ፣ 110 ሚሊ ሜትሩ ከዚያ በላይ።

ተዳፋቱ በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 10 ሜትር ርዝመት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። መውረጃውን መሐል ላይ ካደረጉት ግራና ቀኙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይወርዳል፣ ለዓይንም ያምራል፣ በኃይለኛ ዝናብም ጫፉ ላይ አይገነፍልም። በዓይን ግምት አይሠራ። የቤቱ ግንባር ጣውላ ራሱ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሠራተኛው ጣውላውን ተከትሎ ከመታው አሸንዳው መሐሉ ላይ ረግቦ ውሃ ያቁራል፤ ያቆረ ውሃ ደግሞ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ክር ወጥሮ በውሃ ልክ ወይም ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ደረጃውን ከሁለቱ ጫፍ ይያዝ። መያዣዎቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይመቱ። ሜትር እየዘለሉ የተመቱ መያዣዎች አንድ በረዶ በጣለ ቀን ይጎብጣሉ።

የቆርቆሮው ጫፍ ወደ አሸንዳው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ካነሰ ውሃው በቆርቆሮው ሥር ተመልሶ ጣውላውን ያበሰብሳል፤ ከበዛ ኃይለኛው ዝናብ አሸንዳውን አልፎ ይዘላል። ሁለት ላሜራ ሲገናኝ የላይኛው በታችኛው ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ይደረብና በሪቬት ይያዝ፣ ከዚያ በስታኞ ወይም በሲሊኮን ይታሸግ። ሲሊኮን አቧራ ወይም እርጥበት ባለበት ላሜራ ላይ ሲቀባ አይይዝም፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ሳይወጣ እንደ ቆዳ ተልጦ ይወርዳል። ደርቆና ተጠርጎ ካልሆነ ባይቀባ ይሻላል።

ጣሪያው ላይ የበጋው አቧራ፣ የርግብ ኩስ፣ የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ ከታንከሩ ቀድሞ መውጣት አለበት። ሥራው ቀላል ነው፤ ወደ ታንከሩ ከመግባቱ በፊት ቲ ተገጥሞ አንድ ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጫፉ በሚፈታ ክዳን ይዘጋል። የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ይህን ቱቦ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ክዳኑ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበጃል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቱቦው ቀስ ብሎ ራሱን ባዶ ያደርጋል። መጠኑ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 30 ሊትር መጣል አለበት። 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 ሜትር 8 ሊትር ተኩል ነው የሚይዘው፤ ከታንከሩ ጎን የሚገኘው 2 ሜትር ቁመት 17 ሊትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን ከታች ይገናኙ። ክዳኑ በማጣበቂያ እንዳይለጠፍ። ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል፣ ቱቦው እንደሞላ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ቆሻሻው በቀጥታ ታንከር ይገባል። በክረምት በሳምንት አንዴ ተፈትቶ ይታጠብ። የግንቦት ማብቂያና የሰኔ መግቢያ ሁለት ሦስት ዝናብ ደግሞ ምንም ቱቦ አይበቃውም፤ መውረጃውን ነቅሎ ሁሉንም ወደ ጓሮ መልቀቅ ነው።

የመስመር ውሃው መግቢያ ሁልጊዜ ከታንከሩ ከፍተኛ የውሃ ደረጃ በላይ ይሁን። ቱቦው ውሃው ውስጥ ጠልቆ ከተተወ፣ ፈረቃው ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ ሲሆን የታንከሩን ውሃ መልሶ ይስባል፤ የጣሪያ ውሃ ወደ ጎረቤት መስመር መግባት የለበትም። የሚገጠመው ፍሎተር ናስ ይሁን። የላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ግን ከ5 ከ2 በላይ አንሰጠውም። ውሃ ከተቋረጠ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ አንዲት ጠጠር ፍሎተሩ ጎሚኒ (የመዝጊያው ጎማ) ሥር ከገባች ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል፣ ፈረቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ከፍሎተሩ በፊት የመስመር መዝጊያ ሳራቺኔስካና ወንፊት ያለው ማጣሪያ ይግባ። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቱቦ አይቅጠን፤ ጫፉም በትንኝ ወንፊት ይሸፈን።

መውጫው ላይ የሚደርሰው ስንጥቅ አብዛኛው ከማጥበቅ ነው። ቴፍሎኑ ከ10 እስከ 15 ዙር ይጠቅለል፣ በእጅ እስከሚችለው ይጠበቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ብቻ። ከባድ የብረት ቧንቧ ያለ ድጋፍ ከታንከሩ ላይ አይንጠልጠል። ቀን ላስቲኩ በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፣ ብረቱ ግን አይንቀሳቀስም፤ በመሐሉ ጥርሱ ይሰነጠቃል። አጭር ተጣጣፊ ጎማ በመሐል ማስገባት ይህን ሁሉ ያድናል። ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ታንከሩን ሞልተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ሠራተኛውንም ሙሉ ሒሳብ የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ውሃው ቤት ከገባ በኋላ ያለው ብክነት ከታንከሩ መጠን ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ይወስዳል፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ብር የምታወጣ ጎሚኒ ነች። የሽንት ቤቱን ታንከር ለመፈተሽ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ትንሽ ያፍስሱበትና ሳይለቁ 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ከሥር ያለው ጎማ አይዘጋም። 9 ሊትር ለሚለቀው የድሮ ታንከር ደግሞ አሸዋ የተሞላ ባለ 1 ሊትር ተኩል ሃይላንድ ማስቀመጥ በየልቀቱ ያንኑ ያህል ያተርፋል። ተንሳፋፊውን እንዳይነካ ብቻ ጥግ ይያዝ። ጡብ አይግባ፤ ይፈረፈርና መዝጊያውን ያበላሻል።

ለጓሮ የሚሸጠው የጠብታ መስመር ከዚህ ታንከር ጋር ይሠራል፣ ግን ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም። «በሰዓት 2 ሊትር» የሚለው 1 ባር ግፊት ላይ ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ በሚመጣ ውሃ እያንዳንዱ ቀዳዳ በሰዓት 0.6 ሊትር ገደማ ነው የሚሰጠው። ለጎመንና ለቆስጣ ይህ ጥሩ ነው፤ 20 ቀዳዳ በ2 ሰዓት 24 ሊትር ይሰጣል። መስመሩ ግን ከ10 ሜትር እንዳይረዝምና ቦታው ደልዳላ እንዲሆን ይፈለጋል፤ በተዳፋት ግቢ የታችኛው ተክል ይጠግባል፣ የላይኛው ይደርቃል፤ ያኔ መስመሩ ተዳፋቱን ተከትሎ ሳይሆን በአግድሙ ይዘርጋ። ማጣሪያ ሳይገጠም መስመሩ ቢከፈት ደቃቁ ጭቃ ቀዳዳዎቹን በሳምንታት ይደፍናል። በየሁለት ሳምንቱ የመስመሩ ጫፍ ተከፍቶ ይታጠብ። ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ ካልተደረገ የጠብታው ጥቅም በፀሐይ ይሄዳል።

የልብስ እጣቢ ለጌሾ፣ ለጽድና ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር ይሆናል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው እጣቢ የዱቄት ሳሙናው ጨው ስለሚበዛበት ይደፋ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጠቅማል። አንድ ቦታ ሳይደጋገም በየተራ ይሰጥ፣ ከአንድ ቀን በላይም አይቀመጥ፤ ይሸታል።

የጣሪያ ውሃ ለመጠጥ በቀጥታ አይሁን። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር በሚባለው የክሎሪን ማከሚያ የሚያክም በጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ይከተል፣ ደፍረስ ያለውን ውሃ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ። በቀለም የተቀባ አሮጌ ቆርቆሮ ያለው ቤት ውሃውን ለልብስ፣ ለወለልና ለጓሮ ብቻ ያውለው፤ በቀለሙ ያለውን እርሳስ ማፍላት አያወጣውም።

ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ አይመከርም። ነቅሎ የማይሄደው መሠረትና አሸንዳ ነው። 200 ሊትር በርሜል፣ ወንፊት ያለው ክዳንና 2 ሜትር አሸንዳ በር ላይ ካደረገ በክረምት ለልብስና ለወለል ይበቃዋል። ሰፊ ግቢና አትክልት ያለው ደግሞ ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) የተነጠፈበት ጉድጓድ ማሰብ ይችላል፤ በሊትር ሲሰላ ከታንከር ይረክሳል፣ ነገር ግን በጠንካራ ክዳንና አጥር ካልተጠበቀ ለልጅ አደጋ ነው። ልጅ ባለበት ቤት እኛ አንመክረውም።

የቀረው እጥበት ነው። ለከተማው ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ያስቸገረው ደለል በትንሹ እያንዳንዱ ታንከር ሥር አለ። መውጫው ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተገጠመ፣ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከ30 በሆነ ታንከር 130 ሊትር ያህል ከሥር ይቀራል። ይህ ብክነት አይደለም፤ ደለሉ የሚያርፍበት ነው። ያንን ለማውጣት ከሥር ሌላ የማጠቢያ መውጫ ያለው ታንከር ቢገኝ ተጨማሪው ዋጋ ይከፈልበት። ግድግዳው በብሩሽ ከታሸ በኋላ፣ 5 በመቶ ለሆነ በረኪና በ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ተደርጎ 12 ሰዓት ይቆይና ተክል ወደሌለበት ይደፋ። ይህ የሚሠራው ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ነው፣ ታንከሩን መልሶ የሚሞላ ዝናብ ገና ሳለ። መስቀል ካለፈ በኋላ ያጠበ ሰው ታንከሩን የሚሞላው ፈረቃ ጠብቆ ነው።